የድመትና የውሻ ሽንት ሽታ ከምንጣፍ እንዴት ይለቃል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሥራዬ ምንጣፍና ሶፋ ማጠብ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይበዛብኛል፤ «ታጥቦ የጠፋው የሽንት ሽታ ተመልሶ መጣ፣ ምን ይሻላል?» የሚል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ (ከገርጂ)፦ ድመታችን ሳሎን ምንጣፍ ላይ ከሸናች ቆይቷል። በኦሞ አጠብነው፣ ደረቀ፣ ሽታውም ጠፋ። ዝናቡ ሲጀምር ግን ቤቱ እንደገና መሽተት ጀመረ። ደግማ እንዳልሸናች እርግጠኛ ነኝ። ታዲያ ከየት መጣ?

መልስ፦ ከዚያው ከድሮው ቦታ ነው፤ መጀመሪያም ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ሽንቱ ሲደርቅ ጨውና ሌሎች ቅሪቶች ክሩ ሥርና የምንጣፉ ጀርባ ላይ ይቀራሉ። ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል። አየሩ ሲረጥብ ያ የደረቀ ነገር መልሶ ይረጥባል፣ ባክቴሪያውም ሥራውን ይቀጥላል። ሽንቱ ውስጥ ያለውን ዩሪያ ሰባብሮ አሞኒያ ያወጣል። ያ አፍንጫ የሚሰነፍጠው እሱ ነው።

የድመት ሽንት ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። ፌሊኒን የሚባል ሰልፈር ያለበት ንጥረ ነገር ይዟል። ፌሊኒን ራሱ ብዙም አይሸትም። ግን ቀስ እያለ ሲፈርስ ከባድ ሽታ ያላቸው የሰልፈር ውህዶች ይወጡታል። የድመት ሽንት ትኩሱን ሳይሆን ሲቆይ የሚብሰው ለዚህ ነው። ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ደግሞ ፌሊኒኑ ከሴቷ በጣም ይበልጣል።

ኦሞው ላይ ላዩን አጽድቷል፣ ውሃው ግን ሽንቱ የደረሰበት ድረስ አልወረደም። የዛሬው መልሴ ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፦ ሽንቱ የወረደበት ጥልቀት ድረስ ማጽጃው ካልወረደ ሽታው ይመለሳል።

ጥያቄ፦ አሁን ገና ነው የሸናው፣ ቡችላ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አትፈትጊው። ሲፈተግ ይሰፋል፣ ወደ ውስጥም ይገባል። ወፍራም ደረቅ ፎጣ አጥፈሽ ቦታው ላይ አድርጊና ቁሚበት። ፎጣው ሲረጥብ በደረቅ ቀይሪ። ፎጣው ምንም ሳይረጥብ እስኪነሳ ድረስ ድገሚው። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሪበትና እንደገና አስመጥጪ። ይህን ወዲያው ካደረግሽ አብዛኛው ሥራ አልቋል። ምንጣፉ የሚነሳ ከሆነ ጫፉን ገልጠሽ ጀርባውንም እዪ፤ ወለሉ ላይ የወረደ ካለ ጥረጊው።

ጥያቄ (ብዙ ሰው)፦ በበረኪና ብናጥበውስ?

መልስ፦ አይሆንም። የቆየ ሽንት ውስጥ አሞኒያ አለ። በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል መርዛም ጋዝ ይወጣል፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። በር መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ በጣም አደገኛ ነው። አሁን እያነበባችሁ ያፈሰሳችሁ ካላችሁ መስኮት ክፈቱና ልጆቹንም እንስሳውንም ይዛችሁ ውጡ።

በዚያ ላይ ምንጣፉንም ይጎዳል። ቀለሙን ይነጥቀዋል፣ ሱፍ ከሆነ ደግሞ ክሩን ራሱን ይበላዋል። በበረኪና የታጠበ የሱፍ ስጋጃ እጄ ላይ ደርሶ ያውቃል፤ ክሩን በጣቴ ቆንጠጥ ሳደርገው እንደ አመድ ብትን ብሎ ቀረ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ልዩ ማጽጃ እዚህ ማግኘት ያስቸግራል። ቤት ውስጥ ባለው ነገር የሚሆን ዘዴ የለም?

መልስ፦ አለ። አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ብዙ ርቀት ይወስዱሃል፤ ግን አንድ ላይ አትደባልቃቸው። አንዱ አሲድ ነው፣ ሌላው የአሲድ ተቃራኒ። ሲቀላቀሉ አረፋው ዓይን ይሞላል እንጂ አንዱ የአንዱን ጉልበት ይጨርሰዋል። ተራ በተራ ነው የሚገቡት።

መጀመሪያ ነጩን አቼቶ ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅል። አሞኒያውን የሚገድለው እሱ ነው። ቦታውን ረጨት ረጨት አድርገህ አትተወው፤ ሽንቱ የረጠበውን ያህል አርጥበው፣ ዙሪያውንም ጨምር። ሽንት ከላይ ትንሽ ክብ መስሎ ከታች በጣም ሰፍቶ ነው የሚገኘው። ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት ያህል ተወውና በፎጣ አስመጥጥ። በንጹህ ውሃ ድገመው፣ እንደገና አስመጥጥ። በደንብ ሲደርቅ ሶዳውን ነስንስ፣ አሳድረውና ጠዋት በቫኪዩም ወይም በብሩሽ አንሳው። የአቼቶው ሽታ ሲደርቅ ይጠፋል።

ይህ ካልበቃ ከፋርማሲ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ግዛ። በአንድ ብርጭቆው ላይ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምርና ቦታው ላይ አፍስስ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተህ አስመጥጥ። ሽታ የሚያመጡትን ውህዶች በኦክስጅን ነው የሚያፈርሳቸው፤ ለሰልፈሩ ሽታ ከአቼቶ ይሻላል። ሦስት ነገር ግን ልብ በል። ቀለም ሊያነጣ ስለሚችል መጀመሪያ ሶፋ ሥር የሚደበቀው ጥግ ላይ ሞክረው። የተረፈውን ጠርሙስ ውስጥ ከድነህ አታስቀምጥ፣ ጋዝ ፈጥሮ ሊፈነዳ ይችላል። ከአቼቶ ጋርም በአንድ ዕቃ አትቀላቅለው፣ የሚያቃጥል አሲድ ይፈጥራል።

ጥያቄ፦ የአያቴ የእጅ ሥራ የሱፍ ስጋጃ ነው። ይኸው ይሠራለታል?

መልስ፦ ፐርኦክሳይዱ ይቅር። ሶዳና ኦሞም ለሱፍ አይስማሙም፣ ሱፍ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) አይወድም። ቀለሙ ይለቅ እንደሆን ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ ጥግ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ተጫኚው። ጨርቁ ላይ ቀለም ከወጣ ቤት ውስጥ አትንኪው፣ ስጋጃ ለሚያውቅ ባለሙያ ስጪው። ካልወጣ በቀዝቃዛ ውሃ በደንብ የቀጠነ አቼቶ፣ ቀጥሎ ንጹህ ውሃ በቂ ነው። ጥላ ቦታ፣ ነፋስ በሚያገኘው በኩል አስጪው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ አፓርታማችን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንጣፍ ነው። ልንለቅ ነው፣ ዲፖዚታችንን እንዳይቆርጡብን ፈርተናል። ኢንዛይም ያለው ማጽጃ ገዛን፣ ረጨነው፣ ምንም ለውጥ የለም። ውሸት ነው እንዴ?

መልስ፦ ውሸት አይደለም። እኔ ምርጫ ካገኘሁ መጀመሪያ የማነሳው እሱን ነው። ግን እንደ ሽቶ ሲጠቀሙበት አይሠራም። ኢንዛይሞቹ ሽታ የሚያመጡትን ነገሮች ይሰባብራሉ፤ ብዙዎቹ ውስጥ ደግሞ የተሰባበረውን የሚመገቡ ደህና ባክቴሪያዎች አሉ። ይህ ሁሉ ጊዜና እርጥበት ይፈልጋል። ማጽጃው ከደረቀ ሥራው ቆመ ማለት ነው።

የእናንተ ዓይነት ምንጣፍ ሥር ስፖንጅ አለ። ሽንቱ ክሩን አልፎ ጀርባውን አልፎ እዚያ ነው የተኛው። ስለዚህ ስፖንጁ ድረስ እስኪደርስ በብዛት አፍስሱ። በላዩ ላይ ፕላስቲክ አልብሱት፣ ቢያንስ ለአንድ ቀን ሳይደርቅ ይቆይ። ከዚያ ፕላስቲኩን አንሱና በአየር ይድረቅ፤ ደረቀ ለማለት ቀናት ሊፈጅ ይችላል። መሃል ላይ ሽታው ሊብስ ይችላል፣ አትደንግጡ። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ሠራ አልሠራም ብላችሁ አትፍረዱ። የቆየ ከሆነ ሁለተኛ ዙር ያስፈልገዋል።

ከዚያ በፊት በሌላ ነገር አጥባችሁት ከነበረ በንጹህ ውሃ አለቅልቁት። የሳሙናና የፀረ ጀርም ቅሪት ኢንዛይሙንም ባክቴሪያውንም ያዳክማል። ፈላ ውሃም እንዲሁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልሄደ ጥጉን አስነስታችሁ ስፖንጁን እዩ። ቢጫ ካርታ የመሰለ ምልክት ካለ ያን ቁራጭ ቆርጦ መቀየር ሙሉ ምንጣፍ ከመቀየር በጣም ይረክሳል። ቤቱ የኪራይ ስለሆነ ግን ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ አትቁረጡ።

ጥያቄ፦ በእንፋሎት ማሽን ባሳጥበውስ?

መልስ፦ ሽንቱ ከመውጣቱ በፊት አይሆንም። ሙቀቱ ሽታውንም ነጠብጣቡንም ከክሩ ጋር ሊያጣብቀው ይችላል። ቀዝቃዛ ውሃ ረጭቶ መልሶ የሚመጥ ማሽን ግን ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ዴቶል፣ ናፍታሊን፣ ሰንደል፣ ዕጣን?

መልስ፦ ዕጣንና ሰንደል ሽታውን ለጥቂት ሰዓት ይሸፍኑታል እንጂ አያነሱትም። ዴቶልና ናፍታሊን ድመት ባለበት ቤት አይደረጉም። ዴቶል ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር የድመት ጉበት በደንብ ማስወገድ አይችልም። ድመት ምንጣፉ ላይ ትሄዳለች፣ ከዚያ እግሯን ትልሳለች። ናፍታሊንም ለእሷ መርዝ ነው።

ጥያቄ፦ ይሸታል፣ ግን ቦታው የት እንደሆነ ማወቅ አልቻልኩም።

መልስ፦ ሐሰተኛ ብር የሚለዩበትን ዓይነት ሐምራዊ መብራት ፈልግ። ማታ መብራቱን ሁሉ አጥፍተህ ወደ ምንጣፉ ዝቅ አድርገህ አብራ። የደረቀ ሽንት ፈዘዝ ያለ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ሳሙናና የፈሰሰ መጠጥም ሊያበሩ ስለሚችሉ በአፍንጫህ አረጋግጥ። ዙሪያውን በኖራ ጠመኔ አስምር፣ ጠዋት ትሠራበታለህ። የግድግዳውን ሥርና የመጋረጃውን ጫፍ አትርሳ፤ ወንድ ድመት ቆሞ ወደ ኋላ ነው የሚረጨው።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ። የድመት በሽታ በሽንቷ ይተላለፋል ይላሉ። ላጥበው ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ቶክሶፕላዝሞሲስን ማለትሽ ከሆነ የሚተላለፈው በዓይነ ምድሯ እንጂ በሽንቷ አይደለም። ቢሆንም አሸዋዋን ሌላ ሰው ይቀይርልሽ። ምንጣፉንም ቢሆን፣ አሞኒያው ለትንፋሽ ስለሚከብድ፣ ቤት ውስጥ ሰው ካለ ይሥራልሽ።

ጥያቄ (እናት ከአዳማ)፦ ልጄ፣ አጽድቼ ሳልጨርስ እዚያው ተመልሶ ይሸናል። ወንድ ድመት ነው። መታሁት፣ አልሰማም አለኝ።

መልስ፦ እናቴ፣ አይምቱት፤ ከፈራ ጭራሽ ይብስበታል። የራሱ ሽታ እዚያ እስካለ ድረስ ቦታው የእሱ መጸዳጃ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሽታው ይውጣ። አሸዋው በየቀኑ ይጽዳለት፣ ምግቡ ከሚበላበት ራቅ ይበል። ካልተኮላሸ ማኮላሸቱ መርጨቱን በብዛት ይቀንሰዋል፣ የሽንቱንም ሽታ ያቀለዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ደጋግሞ ቁጢጥ እያለ የሚወጣው ጠብታ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ምንም የማይወጣ ከሆነና ከጮኸ፣ ሽንቱ ተዘግቶበት ይሆናል። ወንድ ድመት በዚህ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ያኔ ምንጣፉን ይተዉትና በዚያው ሰዓት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ያድርሱት።

ጥያቄ፦ ምንጣፉን አውጥተን ጣልነው፣ ክፍሉ አሁንም ይሸታል!

መልስ፦ ሊሾው ጠጥቶታል። ሲሚንቶ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ሽንት ወደ ውስጥ ይገባበታል። እዚያም ኢንዛይሙን በብዛት አፍስሱ፣ በፕላስቲክ ሸፍኑ፣ አቆዩ፣ ከዚያ በደንብ አድርቁ። አቼቶ ሊሾ ላይ አታብዙ፣ ሲሚንቶውን ይበላዋል። ሽታው ሲቀንስ ወለሉን በማሸጊያ ቀለም ቀቡት። አዲሱን ምንጣፍ ቀለሙ ሳይደርቅ አታንጥፉ።