መጽሐፉን ሳያነቡ «ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን መጀመር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

«ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን አሁን ለመጀመር ያሰባችሁ ብዙ ናችሁ። እኔም ተከታታይ ፊልሙን ከጨረስኩ በኋላ ነው ወደ ጆርጅ አር. አር. ማርቲን መጻሕፍት የሄድኩት፤ ግራ መጋባቱን አውቀዋለሁ። የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። ታሪኩን ግን ቀድሜ አልናገርም።

ጥያቄ፦ ሁለት ክፍል አየሁ፤ ማን የማን ወገን እንደሆነ አልገባኝም። መጽሐፉን ስላላነበብኩ ነው?

መልስ፦ በከፊል አዎ፣ እህቴ። መጽሐፉ ላይ የየምዕራፉ ርዕስ የአንድ ሰው ስም ነው፤ ታሪኩንም በዚያ ሰው ዓይን እናየዋለን። አንባቢው ከማን ጋር እንዳለ ወዲያው ያውቃል። ፊልሙ ላይ ይህ የለም፤ ከሰሜኑ በረዶ አንስቶ ባሕር ማዶ ሣር ሜዳ ላይ ያወርድሻል። እስከ አራተኛው ክፍል ታገሺ። ስም ለመያዝ አትጨነቂ፣ መልክና ልብስ ያዢ። የአውሬ ቆዳ የደረቡት ስታርኮች ናቸው፤ ዓርማቸው ተኩላ ነው። ወርቃማ ፀጉር ካየሽ ላኒስተሮች፤ የእነሱ አንበሳ ነው። ብርማ ፀጉር ያላቸው ወንድምና እህት ደግሞ ታርጋሪየን ይባላሉ፤ አባታቸው ከዙፋኑ የተገለበጠ ንጉሥ ነው።

ጥያቄ፦ ጆን ስኖው የኔድ ስታርክ ልጅ ነው ይላሉ። ታዲያ ለምን ስታርክ አልተባለም?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ እኛን በተለይ ያደናግራልና። እኛ ሁለተኛ ስም ስንሰማ አባት ነው የሚመጣልን። እዚያ ግን ሁለተኛው ስም የዘሩ፣ የቤቱ ስም ነው። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ የመኳንንት ልጅ ያን ስም አይወርስም፤ አካባቢው ባወጣው ስም ይጠራል። ሰሜን ከሆነ «ስኖው»፣ በረዶ ማለት ነው። በረሃማው ዶርን ከሆነ «ሳንድ»፣ አሸዋ። ስለዚህ ጆን በተጠራ ቁጥር ዲቃላነቱም አብሮ ይጠራል። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ለንጉሡ ግብር ሲበላ፣ እሱ ውጭ በጨለማው ግቢ ብቻውን የልምምድ እንጨት በሰይፍ ይመታል። የኔድ ሚስት ዲቃላ ከንጉሥ ቤተሰብ ጋር መቀመጡ ነውር መስሏቸው ነው ያልገባው። ያቺን ትዕይንት ልብ ብለህ እያት።

ጥያቄ፦ መግቢያውን ማለፍ ይቻላል?

መልስ፦ እባክህ አትለፈው! የራሚን ጃዋዲ ሙዚቃ ብቻውን ይበቃ ነበር። ግን ካርታው ነው ዋናው ነገር፤ ታሪኩ በሚሄድባቸው ቦታዎች መሠረት ይቀያየራል። አዲስ ከተማ ከመሬት ሲነሳ ካየህ ዛሬ ወደዚያ ልትሄድ ነው።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጅ አለኝ። አብረን ብናየውስ?

መልስ፦ አይሆንም፣ እናቴ። ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ራቁትነትና ከባድ ግድያ አለበት። ለብቻዎ ይዩት።

ጥያቄ፦ ከሌላኛው ተከታታይ ፊልም፣ ከ«ሀውስ ኦፍ ዘ ድራገን» ብጀምርስ? ታሪኩ ይቀድማል አሉኝ።

መልስ፦ ከመቶ ዓመት በላይ ይቀድማል፤ የተሠራው ግን በ2022 ነው። ከድሮው ጀምር። እዚያ ዘንዶ ከምድር የጠፋ ተረት ነው፤ ያንን ሳታውቅ ዘንዶ በየቀኑ የሚበርበትን ብታይ ድንቁ ይቀርብሃል።

ጥያቄ፦ መጨረሻው ያናድዳል ሲሉ እሰማለሁ። ታዲያ ምን ያደክመኛል?

መልስ፦ እኔም አዝኛለሁ፤ አልዋሽህም። ምክንያቱ ግን ይታወቃል። አምስተኛው መጽሐፍ የወጣው ፊልሙ በጀመረበት በ2011 ነው፤ ፊልሙ በ2019 ሲያልቅ ስድስተኛው ገና አልታተመም ነበር። አዘጋጆቹ መጽሐፉን ቀድመውት ሄዱ። ክፍሎቹም አነሱ፤ ስድስቱ ሲዝኖች አሥር አሥር ነበሩ፣ ሰባተኛው ሰባት፣ ስምንተኛው ስድስት። ጥድፊያው ያስታውቃል። የመጀመሪያዎቹ አራት ሲዝኖች ግን በቴሌቪዥን ካየኋቸው ሁሉ የበለጡ ናቸው፤ ለእነሱ ስትል ጀምር።

ጥያቄ፦ አምስተኛው ክፍል ላይ ነኝ። ኔድ ስታርክን በጣም ወደድኩት፤ እስከ መጨረሻው ይቆያል?

መልስ፦ አልነግርህም፣ ወንድሜ። ስሙንም ኢንተርኔት ላይ እንዳትፈልግ፤ ጽፈህ ሳትጨርስ መልሱ ይመጣብሃል። አሥረኛውን ክፍል ስትጨርስ ጻፍልኝ።