መጀመሪያ የት እንደሚቀመጡ ጠይቁ፦ ስለ ቤትና ስለ ሕንፃ ታሪክ ጥያቄና መልስ

ስለ ቤትና ስለ ሕንፃ ታሪክ ከየአቅጣጫው የመጡ ጥያቄዎች ናቸው። አንዳንዱን ረዘም አድርጌ፣ አንዳንዱን ባጭሩ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አንድ ነገር ግን ቀድሜ ልበል። የአንድን አገር ቤት ለመረዳት ከፈለጋችሁ፣ ጣሪያውን ከማየታችሁ በፊት ሰዎቹ የት እንደሚቀመጡ ጠይቁ። እኔ ብዙ ጊዜ የምጀምረው ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ቻይናና ጃፓን ጎረቤት ናቸው። ታዲያ ቻይናዎች ወንበር ላይ፣ ጃፓኖች መሬት ላይ የሚቀመጡት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ቻይናዎችም ድሮ ምንጣፍ ላይ ነበር የሚቀመጡት። መጀመሪያ ከሰሜንና ከምዕራብ የሚታጠፍ መቀመጫ ገባ። የቡድሃ መነኮሳትም ከፍ ያለ መቀመጫ ይዘው መጡ። በታንግ ሥርወ መንግሥት (618–907) ወንበር ትልልቅ ሰዎች ቤት መታየት ጀመረ። በሶንግ ዘመን (960–1279) ወደ ተራው ሰው ቤት ገባ። ሰው ከፍ ብሎ ሲቀመጥ ዕቃው ሁሉ ተከትሎት ከፍ አለ። ጠረጴዛው እግር አወጣ፣ መጻፊያው ከፍ አለ፣ የቤቱ መልክ ተለወጠ።

ጃፓን ከቻይና ብዙ ነገር ወስዳለች። ወንበሩ ግን ቤት ውስጥ አልለመደላትም። ወለሉ ላይ የሚነጠፈው ታታሚ እያንዳንዱ ወደ 180 በ90 ሴንቲ ሜትር ነው። የክፍል ስፋትም ዛሬ ድረስ «የስንት ታታሚ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ሥዕሉ፣ አበባው፣ ደጅ ያለው አትክልት ሁሉ የተዘጋጀው ወለል ላይ ለተቀመጠ ሰው ዓይን ነው። ስለዚህ ቆመው ያነሱትን ፎቶ አይታችሁ «ባዶ ቤት ነው» እንዳትሉ። ቁጭ ብላችሁ ካላያችሁት አላያችሁትም።

ሴን ኖ ሪኪዩ የተባለው የሻይ ሥርዓት መምህር በ16ኛው መቶ ዘመን ሠራው የሚባለው ታይአን የሻይ ቤት ሁለት ታታሚ ብቻ ነው። በሩ ትንሽ ስለሆነ በጉልበት ተንበርክኮ ነው የሚገባው። ሳሙራይም ቢሆን ጎራዴውን ውጭ ትቶ፣ አጎንብሶ ይገባል።

ጥያቄ፦ እኛ አገርስ እንዲህ ያለ ነገር አለ?

መልስ፦ ሐረር ሂዱ። የሐረሪ ቤት ዋናው ክፍል ከፍታቸው የተለያየ አምስት መደቦች አሉት። ሐረሪዎች ነደባ ይሏቸዋል። ማን የት እንደሚቀመጥ በዕድሜና በክብር የታወቀ ነው። እንግዳ ሆናችሁ ስትገቡ የቤቱን ሰዎች ማንነት ከከፍታው ታነቡታላችሁ። ዕቃ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ መደርደሪያ ከግድግዳው ውስጥ ተቦርቡሮ ወጥቷል፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ስፌቱ ተደርድሯል። የወለሉ ቀይ ቀለም በ1887 ጨለንቆ ጦርነት ላይ የወደቁትን ያስታውሳል ይባላል። ቁም ሣጥን፣ ሶፋ ምናምን ሳያስፈልግ የተሟላ ሳሎን ነው።

ጥያቄ፦ ድሮ አውሮፓ ቤት ውስጥ ኮሪደር አልነበረም ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ በአብዛኛው አዎ። ትልልቆቹ ቤቶች ክፍሉ ወደ ክፍል የሚያስገባ ነበር። ወደ መጨረሻው ለመድረስ በሁሉም ውስጥ ታልፋላችሁ። የፈረንሳይ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ቬርሳይ እንዲህ ነው። የንጉሡ መኝታ ቤት ራሱ የአደባባይ ቦታ ነበር፤ ሉዊ 14ኛ ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ መኳንንቱ ቆመው ያዩት ነበር። ኮሪደር እንግሊዝ አገር ቦታ እየያዘ የመጣው በ17ኛው መቶ ዘመን ነው። የባለቤቱን ገመና ሸፈነለት። አሽከሮቹንም ከዓይኑ አራቀለት።

ጥያቄ፦ ክብ ጉልላት አራት ማዕዘን ቤት ላይ እንዴት ይቀመጣል? የኢስታንቡሏን ሐጊያ ሶፊያ አይቼ ገርሞኝ ነው።

መልስ፦ ቢገርምህ አይፈረድብህም፣ ለዘመናት ያስጨነቀ ጥያቄ ነው። ክቡን ካሬው ላይ ስታሳርፈው አራቱ ማዕዘኖች ባዶ ይቀራሉ። የአጼ ዩስቲንያኖስ መሐንዲሶች አንቴሚዮስና ኢሲዶሮስ በአራቱ ማዕዘን ከታች ሹል፣ ወደ ላይ እየሰፉ ወደ ውስጥ የሚታጠፉ ባለ ሦስት ማዕዘን ግንቦች አቆሙ። አራቱም ከላይ ሲገናኙ ክብ ይሠራሉ። የጉልላቱ ክብደት በእነሱ በኩል ወደ አራቱ ትላልቅ ምሰሶዎች ይወርዳል። ዘዴው ቀደም ሲል በትንንሽ ሕንፃዎች ተሞክሯል። በዚህ መጠን ግን ማንም አልደፈረም፤ የጉልላቱ ስፋት 31 ሜትር ገደማ ነው።

ሥራው በ532 ተጀምሮ በ537 አለቀ። ጥድፊያው ዋጋ አስከፈለ። የመጀመሪያው ጉልላት ዝርግ ስለነበር ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋ ነበር፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ተጨምሮበት በ558 ወደቀ። የኢሲዶሮስ የወንድም ልጅ ከፍ አድርጎ መልሶ ሠራው፤ ከፍ ያለ ጉልላት ወደ ጎን የሚገፋው ያነሰ ነውና። በ562 አለቀ። ሥሩ ዙሪያውን 40 መስኮቶች ስላሉ ብርሃኑ ሲገባ ጉልላቱ የተንሳፈፈ ይመስላል።

ጥያቄ፦ የሮማው ፓንቴዮን ጣሪያው መሐል ክፍት ነው። ዝናብ አይገባም?

መልስ፦ ይገባል እንጂ! ወለሉ ላይ ውሃው የሚወርድባቸው ቀዳዳዎች አሉ። 43 ሜትር የሚሰፋው ይህ ጉልላት ብረት የሌለው ኮንክሪት ነው። ሮማውያን ሲያቦኩት ከታች ከባድ ድንጋይ፣ ወደ ላይ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጨመሩበት። 1,900 ዓመት ሊሞላው ነው። ብረት ከሌላቸው የኮንክሪት ጉልላቶች እስካሁን የሚበልጠው የለም።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። አሮጌው ሰፈር ቤቶቹ ላይ ያሉት ማማዎች ጌጥ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም፣ ንፋስ መያዣዎች ናቸው። ከኢራን ጠረፍ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው ያመጧቸው። ማማው በአራቱም ጎን ክፍት ነው፤ ውስጡ በግድግዳ ተከፋፍሏል። ከየትም ይምጣ ንፋሱ በአንዱ ጎን ተይዞ ወደ ክፍሉ ይወርዳል፣ ሞቃቱ አየር በሌላው ይወጣል። ኢራን ያዝድ ከተማ 33 ሜትር የሚሆን አለ። እዚያ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ንፋሱን በውሃ ላይ አሳልፈው በደንብ ያቀዘቅዙታል። ዱባይ ግን ወበቅ ስለሆነ ውሃው ብዙም አይረዳም፤ የሚገኘው ነፋሻ አየር ብቻ ነው። ኤሲ እንዳትጠብቂ።

ጥያቄ፦ የኮንዶሚኒየም ማዕድ ቤት ለምን እንዲህ ጠበበ? ማን ነው የጀመረው?

መልስ፦ ሐረጉን ብትስቡት ጀርመን ፍራንክፈርት ትደርሳላችሁ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቤት እጥረቱ ከባድ ነበር። ከተማው በርካሽ ብዙ ቤት መሥራት ፈለገ። በ1926 ማርጋሬቴ ሹተ-ሊሆትስኪ የተባለች ኦስትሪያዊት አርክቴክት 6.5 ካሬ ሜትር ገደማ የሆነ ማዕድ ቤት ነደፈች። አንድ ሴት ስታበስል ስንት እርምጃ እንደምትራመድ ተሰላ። ከባቡር ምግብ ቤት ኩሽናም ተማረች። ተገጣጣሚ ካቢኔት፣ ሁሉም በእጅ በሚደረስበት ቦታ። ወደ 10,000 ቤቶች ውስጥ ተገጠመ።

የእኔ ቅሬታ ይሄ ነው። ማዕድ ቤቱ የታሰበው ለአንድ ሰው፣ ለአጭር ጊዜ፣ ትንሽ ድስት ለሚጥድ ነው። ሽንኩርት የሚከትፈው፣ ዶሮ የሚበልተው፣ እንጀራ የሚጋግረው ሰው በአንዴ አይገባበትም። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ግቢ ውስጥ ለጋራ ሥራ የተለየ ቤት መሠራቱ ችግሩ ቀድሞ እንደታወቀ ያሳያል። የወጡ ሽታ ግን አሁንም በረንዳ ለበረንዳ ይዞራል።

ጥያቄ፦ የአክሱም ሐውልት ላይ ያሉት ክብ ክብ ነገሮች ምንድን ናቸው?

መልስ፦ የእንጨት ጫፎች ናቸው፣ በድንጋይ የተቀረጹ። አክሱማውያን ግድግዳ ሲሠሩ ድንጋዩን በእንጨት አግዳሚ ያስሩት ነበር። በግድግዳው ውፍረት የሚያልፉት አጫጭር እንጨቶች ጫፋቸው ወደ ውጭ ይወጣል። «የዝንጀሮ ራስ» የሚባለው እሱ ነው። ከሮም በ2005 የተመለሰው 24 ሜትር የሚረዝም ሐውልት እንግዲህ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ነው፤ መስኮት አለው፣ የዝንጀሮ ራስ አለው፣ በሩ ላይ ቁልፉ ሳይቀር ተቀርጿል።

እውነተኛውን እንጨት ለማየት ደብረ ዳሞ ወይም ይምርሐነ ክርስቶስ ሂዱ። ላሊበላ ያለውን ቤተ አማኑኤልን ደግሞ በደንብ እዩት። ከአንድ ዓለት ነው የተፈለፈለው፣ እንጨት አያስፈልገውም። ግን ግድግዳው የእንጨቱንና የድንጋዩን ንብርብር አስመስሎ ተቀርጿል። ህንድ አጃንታ ያሉ የዋሻ ቤተ መቅደሶችም ጣሪያቸው ላይ የእንጨት ጣሪያ ማገር በድንጋይ ተቀርጿል። ሰው ዓለት ሲፈለፍልም የሚያውቀውን ቤት ነው የሚሠራው።

ጥያቄ፦ ጭቃ ቤት የድሃ ቤት አይደለም እንዴ?

መልስ፦ የመን ሺባምን ያየ እንዲህ አይልም። በጭቃ ጡብ ሰባት ፎቅና ከዚያ በላይ ይወጣሉ፤ አብዛኞቹ ከ16ኛው መቶ ዘመን ወዲህ የተሠሩ ናቸው። ማሊ ውስጥ የጄኔ መስጊድ አሁን ያለው በ1907 ተሠራ። በየዓመቱ የከተማው ሰው ወጥቶ በጭቃ ይለስነዋል። ከግድግዳው የወጡት እንጨቶች ውበትም ናቸው፣ ለለሳኞቹም መወጣጫ ናቸው። ጭቃ ችግሩ ሥራ መፈለጉ ነው፤ ከተዉት ይፈርሳል።

ጥያቄ፦ በዓለም ላይ የቆየው የእንጨት ሕንፃ የቱ ነው?

መልስ፦ ጃፓን ናራ አጠገብ ያለው የሆርዩጂ ገዳም ነው፤ ከፊሉ ከ7ኛው መቶ ዘመን ነው። ግን እዚያው ጃፓን ኢሴ የሚባል ቤተ መቅደስ አለ። እሱን በየ20 ዓመቱ አጠገቡ ባለው ባዶ ቦታ ላይ አዲስ አድርገው ይሠሩትና አሮጌውን ያፈርሱታል። ልምዱ ከ1,300 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ እንጨቱ ግን የ2013 ነው። «የቱ ነው የቆየው?» ብትሉኝ እኔ ኢሴ እላለሁ፤ አናጢው ሙያውን ለልጁ የሚያስተምርበት ጊዜ ስላለው። ቀጣዩ ተራ 2033 ነው።