ቦኬ እና ጹኮሚ፦ የጃፓን ቀልድ የሚያመልጠን በየት በኩል ነው?

ወንድማችን የጠየቀው ሁለት ነገር ነው። የጃፓን ኮሜዲ ከነትርጉሙ እያየ ለምን እንደማያስቀው፣ እና ከጃፓናውያን ባልደረቦቹ ጋር ሲጫወት ቀልዱ ለምን እንደሚከሽፍበት። «ቀልድ አያውቁም ማለት ነው?» ብሏል። በደንብ ያውቃሉ። ቀልዱ የሚሠራበት መንገድ ግን ከእኛም ከፈረንጁም ይለያል።

ጃፓን ውስጥ ቀልድ በአብዛኛው የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ይስታል፣ ሌላው ያርመዋል። የሚስተው ቦኬ፣ የሚያርመው ጹኮሚ ይባላል። ማንዛይ የሚሉት የመድረክ ቀልድ የቆመው በእነዚህ ሁለቱ ላይ ነው። ቦኬው የማይመስል ነገር እንደ ቁም ነገር ይናገራል፤ ጹኮሚው ወዲያው የባልደረባውን ደረት በእጁ ጀርባ መታ አድርጎ «ናንዴያነን!» ይለዋል፤ በኦሳካ አነጋገር «ምን ማለትህ ነው!» እንደማለት ነው። ልብ በል፣ ሳቁ ብዙ ጊዜ የሚፈነዳው ቦኬው ሲናገር ሳይሆን ጹኮሚው ሲያርመው ነው።

አሜሪካ ውስጥ ግን አንድ ሰው ማይክሮፎን ይዞ ብቻውን ይቆማል፤ ነገሩ ልክ አለመሆኑን የሚያስተውለው ተመልካቹ ነው። እንግሊዝ ደግሞ ፊቱን ሳይለውጥ የልቡን ተቃራኒ ይናገርና አድማጩ ራሱ እንዲደርስበት ይተወዋል። በእነሱ ዘንድ የተብራራ ቀልድ የሞተ ቀልድ ነው። በጃፓን እርማቱ ራሱ የቀልዱ ግማሽ ነው። በቴሌቪዥናቸው ስክሪኑን የሚሞላው ትልልቅ ባለቀለም ጽሑፍም ብዙ ጊዜ የጹኮሚን ሥራ የሚሠራ ነው።

ትርጉም ጽሑፍ ይህንን ያበላሸዋል። የሁለቱ ንግግር አንድ ላይ ከታች ሲወጣ ዓይንህ እርማቱን ከጆሮህ ቀድሞ ያነበዋል፤ «ማ» የሚሉት፣ በስህተቱና በእርማቱ መካከል ያለው የዝምታ ልክ ይጠፋል። «ናንዴያነን» ደግሞ በየጊዜው «ለምን?» ተብሎ ሲተረጎም ምንም አይልም። ፍጥነቱም አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ኤም ዋን ግራንፕሪ የተባለው የማንዛይ ውድድር በፍጻሜው ለአንድ ጥንድ የሚሰጠው 4 ደቂቃ ነው፤ ሽልማቱ 10 ሚሊዮን የን። በ4 ደቂቃ ውስጥ በየጥቂት ሴኮንዱ የሚወረወረውን ስህተትና እርማት ማንም ተርጓሚ አይደርስበትም።

ማንዛይ ድሮ እንዲህ አልነበረም። ለአዲስ ዓመት ሁለት ሰዎች ከበሮ ይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ የሚመርቁበት ነበር፤ ሆያ ሆዬን የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ኤንታጹና አቻኮ የተባሉ ጥንዶች ኦሳካ ውስጥ ሙሉ ልብስ ለብሰው እንደ ተራ ሰው ጨዋታ እንዲመስል አደረጉት፤ ዛሬ የምታየው የእነሱ ልጅ ነው።

በቃላት ጨዋታ በኩል ለእኛ ቅርብ ናቸው። የቋንቋቸው ድምፆች ጥቂት ስለሆኑ አንድ ዓይነት የሚሰሙ ቃላት ሞልተዋል። በጥንት ግጥማቸው «ማጹ» ጥድም ነው፣ መጠበቅም ነው፤ ከቅኔው ኅብር ጋር ወንድማማች ነው። ዛሬ ግን በቢሮ «ፉቶን ጋ ፉቶንዳ» (ፍራሹ በረረ) ብትል «የሽማግሌ ቀልድ» ብለው «ሳሙይ» ይሉሃል፤ በረደኝ ማለት ነው። በግጥም የተከበረው በቢሮ ርካሽ ሆኗል፤ ሰምና ወርቅ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ስመጣ፣ የእኛ ጨዋታ መልስ የማሸነፍ ጨዋታ ነው። በአለቃ ገብረ ሐና ስም የሚነገሩትን አስታውስ፤ የሚደነቀው ሌላውን አፉን ያስያዘው ነው። በጃፓን ሳቁን የሚያመጣው ራሱን ዝቅ ያደረገው ነው። አርፍዶ የመጣን ባልደረባ «ምነው ማልደህ መጣህ!» ብትለው ወቀሳ ነው ብሎ አጎንብሶ ይቅርታ ይጠይቅሃል፤ ቀኑን ሙሉም ይከብደዋል። ይልቅ አንተ ሳት። ቀላል ነገር፣ ስህተትነቱ ለሁሉም የሚታይ፣ ስለ ራስህ ይሁን። ከዚያ ዝም በልና ጠብቅ። «አይደለም እኮ!» የሚል ከመጣ ቀልዱ ሠርቷል። አንተ ራስህ ካብራራኸው ግን የእርማቱን ቦታ ዘጋህበት።

ሌላው ሲስትልህ ደግሞ ሳቅ ብቻ አይበቃም፤ አርመው። «ናንዴ!» በቂ ነው። የኦሳካውን አነጋገር ለኦሳካ ሰው ካልሆነ አትኮርጅ፤ ለአለቃህ ደግሞ ፈጽሞ። መታ ማድረግም የመድረክ ነው። ከፍ ያለ መንገድም አለ፦ ሙዝ ሰጥቶህ «ስልክ ነው» ካለህ ጆሮህ ላይ ለጥፈህ «ሃሎ፣ አዎ፣ እሺ» ብለህ አውራና ድንገት «ይሄ ሙዝ ነው እኮ!» በል። ኖሪ ጹኮሚ ይሉታል፤ ቋንቋ ባትችልም ይሠራል። ፖለቲካ፣ ንጉሣዊ ቤተሰብና የመሬት መንቀጥቀጥ ግን ለቀልድ አይነኩም።

ለመጀመሪያ የምመክርህ ማንዛይ ሳይሆን ራኩጎ ነው። አንድ ሰው ትራስ ላይ ተንበርክኮ፣ አንገቱን ግራና ቀኝ እያዞረ ሁለት ሰው ይሆናል፤ ማራገቢያው ቾፕስቲክ ይሆንለታል። «ቶኪ ሶባ» የሚባለውን ፈልግ። 16 ሳንቲም የሚያወጣ ኑድል የበላ ብልጥ ሳንቲሙን እየቆጠረ ስምንት ላይ ሲደርስ «ስንት ሰዓት ነው?» ይላል፤ ሻጩ «ዘጠኝ» ሲል «አሥር፣ አሥራ አንድ» ብሎ ይቀጥልና አንድ ሳንቲም ያተርፋል። ይህንን ያየ ሞኝ በማግሥቱ ሊደግመው ቸኩሎ ቀደም ብሎ ይሄዳል። በድሮ የኤዶ (የዛሬዋ ቶኪዮ) አቆጣጠር ሰዓቱ ከዘጠኝ ወደ አራት ይወርድና እንደገና ዘጠኝ ይላል፤ ስለዚህ ከእኩለ ሌሊቱ ዘጠኝ በፊት ያለው አራት ነው። ሞኙ ስምንት ቆጥሮ ሲጠይቅ ሻጩ «አራት» ይለዋል፤ እሱም «አምስት፣ ስድስት» ብሎ እስከ አሥራ ስድስት ይሄዳል። 20 ሳንቲም ከፈለ። የራሱ የሰዓት አቆጣጠር ላለው ለእኛ ሰው ይህ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባዋል፤ ቁጥር ደግሞ በትርጉም አይበላሽም።