«ባለቤቴ ሽማግሌ ይሁን ወይ?» እና ሌሎች የሰሞኑ ጥያቄዎች

በየወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናቱ የአገልጋዮች ምርጫ ሰሞን ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ከባሕር ዳር የመጡት ጥያቄዎች ሁሉም ስለ አገልግሎት ናቸው።

«ባለቤቴን ለሽምግልና፣ ለቤተ ክርስቲያን መሪነት ማለቴ ነው፣ ጠቁመውታል። በጸሎቱም በትምህርቱም አይታማም። ቤት ውስጥ ግን ካኮረፈ ሳምንት አያናግረንም። ልጆቹ የበሩን ድምፅ ሲሰሙ ወደ ጓዳ ነው የሚሮጡት። አስመራጭ ኮሚቴው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?» (ከዓባይ ማዶ)

እህቴ፣ አንቺን ለመጠየቅ ማሰባቸው ራሱ የሚያስመሰግን ነው። ብዙ ቦታ ሚስት ሹመቱን የምትሰማው ከሕዝቡ ጋር እኩል ነው።

1ኛ ጢሞቴዎስ 3ን ረጋ ብለሽ አንብቢው። ከችሎታ የተጠቀሰው ማስተማር መቻል ነው። የቀረው ከሞላ ጎደል ጠባይ ነው፦ ገር፣ የማይጨቃጨቅ፣ ገንዘብ የማይወድ፣ እንግዳ ተቀባይ። ቲቶ 1 ላይ ደግሞ ቁጡ መሆን የለበትም ይላል። ጳውሎስ ቤቱን ማስተዳደር ያቃተው ሰው የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን እንዴት ይጠብቃል ብሎም ይጠይቃል። እኛ ግን የምንመርጠው መድረክ ላይ ያየነውን ሰው ነው። መድረክ ላይ ማን ያኮርፋል?

ስለዚህ እውነቱን ተናገሪ። በመጀመሪያ ግን ለእሱ ንገሪው። «ከጠየቁኝ እንዲህ ልላቸው ነው» በይው። «እንግዲያው ይቆየኝ» ካለ ትልቅ ነገር ነው፤ በሚቀጥለው ዙር እኔም እመርጠዋለሁ። ለእሱ መንገሩ የሚያስፈራሽ ከሆነ ግን ተዪው፤ የምታምኛቸውን አንድ ሁለት የኮሚቴ አባላት ለብቻ አነጋግሪ። «ባሌን አዋረድኩት» ብለሽ እንዳትጨነቂ። ጢሞቴዎስም ቢሆን ለሹመት በማንም ላይ ፈጥኖ እጁን እንዳይጭን ተነግሮታል።

«ጎረቤቴ ጴንጤ ነው። ሰሞኑን ‹ዲያቆን ሆንኩ› አለኝ። ሰውየው የልጅ ልጅ አይቷል! እኛ ጋ ዲያቆን ማለት ልጅ ነው። ከየት አመጣችሁት?» (ከሽምብጥ)

ሳቄ መጣ። ሁለታችንም የምንጠቅሰው ሐዋርያት ሥራ 6ን ነው። ኢየሩሳሌም ውስጥ የግሪክ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ከዕለቱ እደላ ተዘለሉና ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያቱ ሕዝቡን ሰበሰቡ፤ መልካም ስም፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ ያላቸው ሰባት ሰዎች ይመረጡ አሉ። ከዝርዝሩ የመጀመሪያው እስጢፋኖስ ነው። እናንተ ኦርቶዶክሶች ሊቀ ዲያቆናት የምትሉት፣ ጣና ላይ የዳጋ ገዳም በስሙ የሚጠራው ማለቴ ነው። ያ ሁሉ ክብር ያለው ሰው መጀመሪያ የተመረጠው ለምግብ እደላ ነበር።

እናንተ ጋ ዲያቆን በቅዳሴ ከካህናቱ ጋር ይቆማል። እኛ ጋ ብዙውን ጊዜ የችግረኛውን፣ የገንዘቡንና የግቢውን ጉዳይ ይይዛል። ዕድሜን በተመለከተ 1ኛ ጢሞቴዎስ 3 ቁጥር አያስቀምጥም፤ አስቀድመው ይፈተኑ ነው የሚለው። ጎረቤትዎን እንኳን ደስ አለህ ይበሉልኝ።

«እኔ የምሠራው ወንበር መደርደርና ሻይ ማፍላት ነው። ይሄም አገልግሎት ይባላል?»

እንዴታ! 1ኛ ጴጥሮስ 4 የሚናገረውንና የሚያገለግለውን ጎን ለጎን ነው ያስቀመጠው። ብቻ ሰባኪዎቻችሁም አንዳንድ እሁድ ብርጭቆ ይጠቡ። የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበው ጌታቸው ነው።

«ወንጌላዊያችን ደሞዙ ስለማይበቃው ባጃጅ ይነዳል። እሁድ ጠዋት በር ላይ ያቆመውና እጁ ቤንዚን እየሸተተ ያስተምረናል። ደሞዝ ይጨመርለት ስንል ‹ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ ነበር› ይሉናል።»

ይቺን ጥቅስ ስንቴ ሰማኋት! ጳውሎስ ቆሮንቶስ ውስጥ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን መስፋቱ እውነት ነው። ግን ወዶ ነው። ለዚያችው ከተማ ሲጽፍ፣ ወንጌልን የሚሰብኩ ከወንጌል እንዲኖሩ ጌታ ደንግጓል ይላል፤ መብቱን በራሱ ፈቃድ ተወው እንጂ ማንም አልቀማውም። ሲላስና ጢሞቴዎስ ከመቄዶንያ ሲመጡለት ደግሞ ለቃሉ ተጋ። የፊልጵስዩስ ምእመናንም ተሰሎንቄ ድረስ ሳይቀር ይልኩለት ነበር። ይህን ግን ማንም አይጠቅስላችሁም። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5 ላይ በማስተማር የሚደክሙት እጥፍ ክብር ይገባቸዋል ይልና፣ ወዲያው ስለ ሠራተኛ ደመወዝ ያነሣል። ባጃጅ መንዳት ነውር የለውም። ነውሩ ሰውየውን አስርቦ በጳውሎስ ማሳበብ ነው። በጀቱ ሲቀርብ እጃችሁን አውጡና ጠይቁ።

«እህት ስታስተምር ተነሥተው የሚወጡ ወንዶች አሉ። ልክ ናቸው?»

እዚህ ላይ አብያተ ክርስቲያናት አንድ አይደሉም። 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥12ን ይዘው የሚከለክሉ አሉ። መካነ ኢየሱስ ደግሞ ሴት ቄሶችን ትሾማለች። የእኔን ካላችሁ፣ ጵርስቅላ ከባሏ ጋር አጵሎስን ያህል አዋቂ የእግዚአብሔርን መንገድ አብልጣ ስታስረዳው፣ ተነሥቶ ሄደ የሚል አላነበብኩም። ያልተስማማ ሰው ከጉባኤ በኋላ ሽማግሌዎቹን ያናግር።

«ስለ አንድ ሽማግሌያችን መጥፎ ነገር በቴሌግራም ግሩፕ እየዞረ ነው። እኔም ልበትነው?»

አትበትን። ያው 1ኛ ጢሞቴዎስ 5 ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይጠይቃል። ከአንዱ ግሩፕ ወደ ሌላው የተላከ ጽሑፍ ምስክር አይሆንም። ግን ቀጥሎ ያለውን ቁጥርም አንብብ፦ ኃጢአት የሠሩትን በሁሉ ፊት ገሥጽ ይላል። ያየኸው ነገር ካለ ለሌሎቹ ሽማግሌዎች ስምህን ጽፈህ አቅርብ። ገንዘብ ከሆነ ሒሳቡ ኦዲት ይደረግ በሉ። በሕፃን ላይ የተሠራ ነገር ከሆነ ግን ማንንም አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ ፖሊስ ጣቢያ ሂድ።