«አፍልተን ነው የምንጠጣው»

ልጆቼ፣

በአካባቢ ጤና ተመርቃችሁ ወደ ሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ልትሰማሩ ነው። እኔ በወጣትነቴ «ሳኒታሪያን» ስባል የሥራዬ ግማሽ «ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» ማለት ነበር። በየቀበሌው፣ በየዕድሩ፣ ከቅዳሴ በኋላ በየደጀ ሰላሙ ብዬዋለሁ። ለታይፎይድና ለተቅማጥ ዛሬም ትክክለኛ ምክር ነው።

ከዓመታት በኋላ ከአንድ ፋብሪካ በታች ወዳለች የወንዝ ዳር መንደር ሄድሁ። በውሃው ናሙና ክሮምየም የሚባል፣ ሲበዛ ጤናን የሚጎዳ የብረት ዓይነት ተገኝቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 0.05 ሚሊ ግራም መሆኑን፣ ሄክሳቫለንት የሚባለው ዓይነት ከሌላው የከፋ መሆኑን፣ ሁሉንም ዘረዘርሁ። ሕዝቡ በጨዋነት አዳመጠ። ስጨርስ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና «ግድ የለም ልጄ፣ እኛ እንደ ነገራችሁን አፍልተን ነው የምንጠጣው» አሉኝ።

ቤታቸው ገባሁ። ጥላሸት የለበሰ ድስት ኩበት እሳት ላይ ተጥዷል። ለክረምት ያከማቹት ኩበት ተጋምሷል፤ ብርዱን የምታውቁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። ያን ሁሉ ያነደዱት በእኔ ምክር ነው። መፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ክሮምየምን ግን አያጠፋም፣ ውሃው በተነነ ቁጥር በቀረው ውስጥ መጠኑ ይብሳል እንጂ። ይህን ስነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና «እንደ ጨው ነዋ! ወጡ ሲንተከተክ ጨዉ ይበረታል እንጂ መቼ ይጠፋል» አሉ። ከዚያ ወዲህ በሄድሁበት ሁሉ የምናገረው የእርሳቸውን ጨው ነው።

ስለዚህ አዲስ ማስጠንቀቂያ ይዛችሁ ስትሄዱ፣ ከእናንተ በፊት የተነገረው ምን እንደሆነ ጠይቁ። ከስብሰባው በፊት ማጀት ግቡ፤ እንስራውን፣ ጄሪካኑን እዩ።

በዚያው ቀን አንድ አባወራ ወደ ጎን ሳብ አድርገውኝ «ከብቶቹ ከዚያ እንደሚጠጡ ከተማ ከተሰማ ወተታችንን ማን ይገዛናል?» አሉኝ። ገንዘብን ከጤና አስቀደሙ ብዬ በልቤ ተቆጣሁ፤ ተሳስቼ ነበር። ያ ወተት የማዳበሪያ ዕዳ የሚከፈልበት፣ የልጅ ደብተር የሚገዛበት ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብላችሁ ከእንስሳት ጤና ባለሙያው ጋር ተመካክራችሁ ተመለሱ፤ አትለፉት። «ከወንዙ አትጠጡ» ስትሉም የት እንደሚቀዳ በጣታችሁ አሳዩ። እኛ ከላይ ያለው ምንጭ እስኪጎለብት ድረስ ያልነው ሁሉ ከንፈር ከማስመጠጥ አላለፈም።

«ውጤቱ ሙሉ እስኪሆን ሕዝቡ አይረበሽ» የሚል አለቃም ይገጥማችኋል። ገጥሞኝ ታዝዣለሁ፤ በዚያ ክረምት ልጆች ሲጠጡ ከረሙ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ለሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል፤ አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በሚነካው የአካባቢ ጉዳይ ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዛል። የምታውቁትን ያህል ንገሩ፣ ያልታወቀውን አልታወቀም በሉ፣ ቀጣዩ ናሙና የሚወሰድበትን ቀን ቁረጡ።

ቀኑን ከቆረጣችሁ ደግሞ ተገኙ። እኔ ወደዚያች መንደር ዳግመኛ የሄድሁት ጥቅምት ላይ ነው። እኚያ እናት ከበራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ስለ ውጤቱ አልጠየቁኝም፤ «መስከረም ትመጣለህ ብለን ጠብቀን ነበር» አሉኝ።