ታኬታው ይቆይ፣ መጀመሪያ ሜዳው ዳር ቁሚ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው አዘዞ ነው። ባለቤቴ ባጃጅ ይነዳል፣ እኔ እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። የ11 ዓመቱ ልጄ የኳስ ፕሮጀክት ካልገባሁ ብሎ መግቢያ መውጫ አሳጥቶናል። ወርሃዊ መዋጮ አለው፤ ታኬታና ማሊያም ግዙ ተብለናል። የ8 ዓመቷ እህቱ ደግሞ ከትምህርት ቤት ከተመለሰች ከቤት አትወጣም፣ ስልክ ላይ ተደፍታ ታመሻለች። ሁለቱንም ለማስመዝገብ አቅማችን አይፈቅድም። ልጁን ብቻ ላስገባው?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እህቴ፣ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ካነሳ ወዲህ ጎንደር ውስጥ ታኬታ ያልጠየቀ ወንድ ልጅ ያለ አይመስለኝም፤ ልጅሽ አይፈረድበትም። ገንዘቡን ከማውጣትሽ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ። በልምምድ ቀን ሄደሽ ሜዳው ዳር ቁሚ። ከልጆቹ አንዱን ለይተሽ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ኳስ ስንት ጊዜ እንደነካ ቁጠሪ። ሠላሳ ልጅ በሁለት ኳስ ተሰልፎ ተራ የሚጠብቅ ከሆነ የምትከፍዪው ለሰልፍ ነው። አራት አምስት እየሆኑ በትንንሽ ጎል የሚጫወቱ ከሆነ ግን ሥራውን የሚያውቅ አሠልጣኝ አለ። ኳሱንም እዪው፤ ለ11 ዓመት ልጅ የሚመጥነው 4 ቁጥር ነው፣ 5 ቁጥር የትልልቆቹ ነው። ልጆቹን የሚሳደብ አሠልጣኝ ከሆነ በነፃም አታስገቢው።

ታኬታው ይቆይ። እግሩ ገና እያደገ ነው፣ ዛሬ የገዛሽለት ለከርሞ አይገባውም። ደረቅ መሬት ላይ ደግሞ ታኬታ ተረከዝ ይጎዳል፤ ለጊዜው ሸራ ጫማ ይበቃዋል። ይህን የምልሽ ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። ስፖርት ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን አንድ የ12 ዓመት ተማሪዬ «ተረከዜን አመመኝ» ሲለኝ «አትስነፍ፣ ሩጥ» አልኩት። ሁለት ሳምንት ያህል በእግሩ ጣት እየረገጠ ሮጠ፣ ከዚያ ቀረ። በዚያ ዕድሜ የተረከዝ አጥንት ገና እያደገ ስለሆነ ሩጫ ሲበዛበት እንደሚያም፣ መድኃኒቱም ዕረፍት እንደሆነ የተረዳሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ያ ልጅ ወደ ሜዳ አልተመለሰም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ልጅሽ ሲያነክስ ካየሽ አሳርፊው፤ ካልተሻለው ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

«ልጁን ብቻ ላስገባው?» ብለሻል። እኔን ይበልጥ ያሳሰበችኝ ግን እህቱ ናት። ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ትንፋሽ የሚያፈጥን እንቅስቃሴ እንደሚያስፈልገው የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ ይህ ለወንዶች ብቻ የተባለ አይደለም። አሠልጣኙን ሴቶች ይቀበል እንደሆነ፣ ለእህትና ወንድም መዋጮውን ይቀንስ እንደሆነ ጠይቂው፤ መጠየቅ አያሳፍርም። እምቢ ቢል እንኳ ለእሷ የሚሆን ጨዋታ ደጃፋችሁ ላይ አለ። ሱዚ ከሩጫ አያንስም፤ ላስቲኩ ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ወገብ ከፍ ሲል የሚዘሉትን ልጆች አተነፋፈስ ልብ ብለሽ ታውቂያለሽ? የጎረቤት ልጆች ጥሪላት። ላስቲክ የሚይዝ ሰው ካነሰ ምጣዱ እስኪግል አንቺ ቁሚላቸው። «ውጪና ተጫወቺ» ከማለት ይልቅ አብረሻት ስትወጪ ስልኩን ትተወዋለች።

ኳስም ከቤት ይሠራል። ወንድምና እህት አብረው ይሥሩት፦ አሮጌ ካልሲ ውስጥ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅጥቀው፣ በፌስታል ጠቅልለው፣ በሌላ ካልሲ ሸፍነው በሲባጎ ይሰሩት። ሲባጎው ካልጠበቀ ሦስተኛው ምት ላይ ይዘረገፋል፤ ስለዚህ አንዱ ጉልበቱን ኳሱ ላይ ጭኖ ሌላው ይጎትት።

ባለቤትሽን ደግሞ እንዲህ በዪልኝ፦ እሑድ ጠዋት ባጃጁን ከማስነሣቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ይስጣችሁ። ሁለት ለሁለት ተጫወቱ፤ አባትና ሴት ልጅ በአንድ ወገን፣ አንቺና ወንዱ በሌላው። ለጎል ሁለት ድንጋይ ይበቃል። ድንጋዮቹን የምታስቀምጠው እሷ ትሁን።