4 ሰዓት የተባለው ቶከን በ1 ሰዓት ለምን ይሞታል?

እዚሁ ጅማ ያለ አንድ ወጣት ጽፎልኛል። ለአንድ ቡና አቅራቢ በፓይተን (የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው) የተሠራ የመረከቢያ ሲስተም ይዟል። ሠራተኞቹ በብሮውዘር ይገባሉ፣ የገባውን ቡና በኪሎ ይመዘግባሉ። ሲገቡ ሰርቨሩ ቶከን ይሰጣቸዋል፤ ማንነታቸውን የሚያሳይ፣ የተፈረመና ጊዜው የሚያልፍ ዲጂታል መግቢያ ወረቀት በለው። የቶከኑ ዕድሜ 4 ሰዓት ነው። ግን ልክ በ1 ሰዓቱ ሁሉንም ያስወጣቸዋል፣ እየሞሉት የነበረው ፎርምም ይጠፋል። ያው ኮድ ውጭ አገር ያለ የኪራይ ሰርቨር ላይ ሲጫን 4 ሰዓቱን ሙሉ ይቆያል። «ከኔ በፊት የነበረው ልጅ 1 ሰዓት አድርጎት ማንም መግባት ስላቃተው ነው ወደ 4 ያሳደገው» ይላል።

ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ስደርስ ነው የገባኝ። 4 ተብሎ 1 ከቆየ የጠፋው 3 ነው። እኛ ከዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) በስንት እንቀድማለን? በ3 ሰዓት። የኪራይ ሰርቨሩ በዩቲሲ ስለሚሄድ ችግሩ እዚያ አይታይም፤ ጅማ ቢሮ ያለው ማሽን ግን በኛ ሰዓት ነው የሚሄደው።

ወደ ጥገናው ሳንገባ ግን አንድ ነገር። በላክልኝ ኮድ ውስጥ ቶከኑ የሚፈረምበት ሚስጥራዊ ቁልፍ እንዳለ ተጽፏል። ዛሬውኑ ቀይረው! ያንን ቁልፍ ያገኘ ሰው «እኔ አስተዳዳሪ ነኝ» የሚል ቶከን ራሱ ፈርሞ ይገባል፣ ሰርቨርህም አምኖ ይቀበለዋል።

አሁን ግምቴን አረጋግጥ። ግባና ወዲያው በነጥብ ከተለዩት ሦስቱ የቶከኑ ክፍሎች መካከለኛውን ፍታው። ቤዝ64 የሚባል አጻጻፍ ነው እንጂ ሚስጥር አይደለም፣ ማንም ይፈታዋል። ኢኤክስፒ (exp፣ ቶከኑ የሚያልቅበት ጊዜ) የሚለውን ቁጥር ያዝ። ከዚያ ተርሚናል ላይ የአሁኑን ሰዓት በሴኮንድ አውጣና ከኢኤክስፒው ላይ ቀንስ። 14400 መምጣት ነበረበት። 3600 ከመጣ የጎደለው 10800 ነው፤ 3 ሰዓት ማለት ነው።

ብዙ ሰው ሲሳሳትበት ያየሁት ነገር ስለሆነ ይቺን ሰፋ አድርጌ ልንገርህ። ኢኤክስፒ ሰዓት አይደለም፣ ቆጠራ ነው። ቆጠራው የተጀመረው በዩቲሲ እኩለ ሌሊት፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ነው። በኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ስንት ሴኮንድ አለፈ? ጅማ ሆነህ ብትቆጥርም ለንደን ሆነህ ብትቆጥርም መልሱ አንድ ነው። ቆጠራው አገር የለውም። አገር የሚኖረው ሰው እንዲያነበው ወደ ሰዓት ስትቀይረው ብቻ ነው። ያንተ ኮድ መጀመሪያ ዩቲሲናው (utcnow) ብሎ የአሁኑን የዩቲሲ ሰዓት ይወስዳል፤ እሺ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከሆነ «ከእኩለ ሌሊት 6 ሰዓት አልፏል» የሚል ሰዓት ይመጣል፣ ግን የየት አገር ሰዓት እንደሆነ ላዩ ላይ አልተጻፈም። ቀጥሎ ወደ ቆጠራ እንዲቀይረው ታይምስታምፕ (timestamp) ስትለው ፓይተን ምልክት ስላላገኘ የጅማ ሰዓት ነው ብሎ ይወስደውና 3 ሰዓት እንደገና ይቀንሳል። ሁለቴ ተቀነሰ። 1 ሰዓት የተሰጠው ቶከን ሞቶ የተወለደው ለዚህ ነው።

ጥገናው አንድ መስመር ነው። ያንን ሁሉ አጥፋና ታይም ዶት ታይም (time.time) የሚሰጥህ የአሁኑ ቆጠራ ላይ የቶከኑን ዕድሜ በሴኮንድ ደምር። ዩቲሲናው ራሱ ከፓይተን 3.12 ጀምሮ እንዳትጠቀሙበት ተብሏል። የማሽኑን ሰዓት ወደ ዩቲሲ ቀይሮ ለመገላገል ግን እንዳታስብ፤ የመረከቢያ ደረሰኞችህ ሁሉ በ3 ሰዓት ይዛባሉ።

የቀድሞው ልጅ ያደረገው ግን ያናድደኛል። ማንም መግባት ሲያቅተው ለምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ዕድሜውን ማሳደግ ጥገና አይደለም። ቶከኑን ለመፍታት ያስገባው ላይብረሪም (ዝግጁ ኮድ) ማንም የማይንከባከበው ነው፤ ቶከኑ «ፊርማዬ none ነው»፣ ማለትም ፊርማ የለኝም ካለው ያለ ፊርማ ያሳልፋል። አውጣውና ፓይጄደብሊውቲ (PyJWT) የሚባለውን ላይብረሪ አስገባ፤ ሲያረጋግጥም ኤችኤስ256 (HS256) የሚባለውን የፊርማ ዓይነት ብቻ እንዲቀበል ንገረው።

እኔን ከጠየቅከኝ ደግሞ ቶከኑ ራሱ አያስፈልግህም። አንድ ሰርቨር፣ አንድ ዳታቤዝ፣ ጥቂት ሠራተኞች፣ ሁሉም በብሮውዘር። ተራ ሴሽን ይበቃሃል፤ ማን እንደገባ ዳታቤዝህ ይመዘግባል፣ ብሮውዘሩ መለያ ቁጥሩን ብቻ ይይዛል። መለያውን ኤችቲቲፒኦንሊ (የገጹ ስክሪፕት የማያነበው) እና ሴክዩር (በተመሰጠረ መስመር ብቻ የሚላክ) በሆነ ኩኪ አስቀምጥ፣ ከሌላ ድረ ገጽ የሚመጣን ጥያቄ የሚገድበውን ሴምሳይቱን ላክስ አድርገው፤ ሠራተኛ ሲለቅ ከዳታቤዝ አንድ ረድፍ ትሰርዛለህ፣ አለቀ። በቶከን ግን ዕድሜው እስኪያልቅ ማስቆም ከፈለግክ የታገዱትን መዝገብ መያዝ አለብህ፤ እሱን ከያዝክ ደግሞ በየጥያቄው ዳታቤዝ ማየትህ ነው፣ ታዲያ ምን አተረፍክ? የስልክ አፕ ስትጨምር ያኔ ቶከን ታነሳለህ፤ 15 ደቂቃ የሚቆይ አጭር፣ ከጎኑ ዳታቤዝ ላይ የተመዘገበ ማደሻ ቶከን።

እስከዚያው ቁልፉን አትርሳ። ኦፕንኤስኤስኤል የሚባለው የተርሚናል መሣሪያ 32 ባይት በዘፈቀደ ያወጣልሃል፤ ከኮዱ ውጭ፣ በማሽኑ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል አስቀምጠው። ከኮዱ መሰረዝ ብቻ አይበቃም፣ በጊት (የኮድ ለውጥ መዝገብ) ታሪክ ውስጥ አሮጌው ይኖራል፤ ስለዚህ አዲስ ቁልፍ ነው የሚያስፈልገው። ስትቀይረው ሁሉም ሰው አንዴ ይወጣል፣ ስለዚህ ማታ መረከቢያው ከተዘጋ በኋላ አድርገው። ከዚያ ዕድሜውን ወደ 1 ሰዓት መልሰህ እዛው ቢሮው ማሽን ላይ የአሁኑን ሰዓት ከኢኤክስፒው እንደገና ቀንስ። 3600 መምጣት አለበት።